የቡና መፍጫ ከመግዛታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ገና ስንገባ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እና እንዴት ብሎ መጠየቅ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለዜና ብቻ ሳይሆን ለገበያም ይሠራሉ። በተለይ የእጅ ቡና መፍጫ መግዛት የሚፈልግ ሰው ሳይጠይቅ ከገዛ ገንዘቡን ያባክናል። የተማሪ ኪስ ደግሞ አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ለመግዛት አይመችም።

እኔ ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ወደ አዲስ አበባ ልትመጣ ስትል ነው። «ሻንጣዬ ውስጥ ላንቺ የአንድ ዕቃ ቦታ አለ፤ ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ። የእጅ ቡና መፍጫ አልኳት። «የትኛውን? ዓይነቱ ብዙ ነው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ታዲያ በምን እንለየው?

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቡናውን የምናፈላው በምንድን ነው?

ሙቀጫና ዘነዘና ቡናውን እየሰበሩ ያደቁታል እንጂ እኩል አያደርጉትም። በአንድ ውቅጥ ውስጥ ልም ዱቄትም ገርደፍ ያለ ስባሪም አለ። ለጀበና ይህ ብዙም አያስቸግርም። ምክንያቱም ቡናው ከውኃው ጋር አብሮ ይፈላል፤ ከዚያም ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጦ ይሰክናል፤ አተላውም ታች ይቀራል። በአቦል ያልወጣው ጣዕም በቶናና በበረካ ይወጣል።

በማጥለያ ወረቀት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ዶርም ውስጥ የምጠጣው ከፔርሙዝ የፈላ ውኃ እያፈሰስኩ በወረቀት ያጠለልኩትን ቡና ነው። ውኃው ቡናውን የሚያገኘው አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ልሙ ዱቄት ከሚገባው በላይ ይለቅና ይመራል። ገርደፍ ያለው ደግሞ ውስጡ ያለውን ሳይለቅ ይቀርና ውኃ ውኃ፣ ኮምጠጥም ይላል። ሁለቱ አንድ ስኒ ውስጥ ሲገናኙ ቡናው መራራም ቀጭንም ይሆናል። ጓደኞቼ «ይሄ የፈረንጅ ቡና አይጥምም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማጥለያው ሳይሆን የአፈጫጩ ሆኖ ነው።

በየሱቁ የሚሸጠው ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ መፍጫም በዚህ ረገድ ከሙቀጫው አይሻልም። ምላጩ እየተሽከረከረ ያገኘውን ይመታል፣ ያላገኘውን ይተዋል። ፈጣን ነው፤ እኩል ግን አይፈጭም።

የእጅ መፍጫ የሚሠራው እንደ ወፍጮ ነው። ሁለት ጥርሳም ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ይዞራል። ፍሬው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ለማለፍ እስኪያንስ ድረስ እየተፈጨ ይወርዳል። ክፍተቱን በብሎን እያጠበብንና እያሰፋን ልም ወይም ገርደፍ ያለ ማድረግ እንችላለን። አሠራሩ አዲስ አይደለም። በመኪናው የምናውቀው ፔጆ እንኳ መኪና ከመሥራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1840 የቡና መፍጫ መሥራት ጀምሮ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ጥርሱ ከምን የተሠራ ነው?

በአብዛኛው ወይ ሴራሚክ ነው ወይ ብረት። ሴራሚክ አይዝግም፣ ሊታጠብ ይችላል፣ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ጠጠር ካገኘው ደግሞ ሊሸረፍ ይችላል። ከገበያ ገዝተን እቤት የምንቆላው ቡና ጠጠር አያጣውምና ቡናውን በደንብ ሳይለቅሙ ወደ መፍጫው መጨመር አይገባም። ጥሩ ብረት ስለታም ስለሆነ ቶሎ ይፈጫል፤ ክንድም አያደክምም። ይህ በተለይ ለማጥለያ ተብሎ በስሱ ለተቆላ ቡና ይጠቅማል። በስሱ የተቆላ ፍሬ እንደ ጠቆረው በቀላሉ አይሰበርም፤ ጠንካራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ዘንጉ ይወላገዳል ወይ?

ይህ ከጥርሱ ባልተናነሰ አስፈላጊ ሲሆን ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ነው። እጀታው የሚያዞረው ዘንግ በደንብ ካልተያዘ የሚዞረው ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ያን ጊዜ ክፍተቱ በአንድ በኩል ይሰፋል፣ በሌላው ይጠባል፤ በተለይ ገርደፍ አድርገን ስንፈጭ ይብሳል። ሱቅ ውስጥ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። ባለሱቁ ከፈቀደ ደግሞ ጥቂት ፍሬ ፈጭታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። ትልልቅ ስባሪና አቧራ የመሰለ ዱቄት ተቀላቅሎ ከታያችሁ ሌላ ፈልጉ።

አራተኛው ጥያቄ፦ ለስንት ሰው? የትስ ይሄዳል?

ለአንድ ሰው 250 ሚሊ ሊትር ውኃ 15 ግራም ያህል ቡና ይበቃል። ለጉዞ የሚሆኑት ትንንሽ መፍጫዎች በአንድ ጊዜ የሚይዙት 20 ግራም ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሰው በቂ ናቸው። ጎረቤት ተጠርቶ ስምንት ሰው ለሚጠጣበት ቤት ግን ደጋግመው እየሞሉ ማዞር ጣጣ ነው፤ እዚያ ሙቀጫውን የሚስተካከለው የለም። ለመንገድ ደግሞ ክብደትንና መሰበርን አስቡ። ለምሳሌ የጃፓኑ ሃሪዮ ስከርተን ዱቄቱን የሚቀበለው በብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ለኩሽና ጥሩ፣ ለሻንጣ ግን ያሰጋል። ፖርሌክስ ሚኒ የሚባለው፣ ይህም የጃፓን ነው፣ ቀጭንና አካሉ ብረት ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ጥርሱ ግን ሴራሚክ ነው። የጀርመኑ ኮማንዳንቴ ጥርሱ ብረት ሆኖ በጣም የተመሰገነ ነው፤ ዋጋው ግን ከ200 ዶላር በላይ ስለሆነ ለእኛ የሚቀመስ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ለአክስቴ የነገርኳት የዕቃ ስም ሳይሆን አራት ነጥብ ነው፦ ጥርሱ ብረት፣ ዘንጉ የማይነቃነቅ፣ 20 ግራም የሚይዝ፣ ብርጭቆ የሌለበት። ይህን የሚያሟሉ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የቻይና ሥራዎች ስላሉ ውድ የሆነውን ማሳደድ አያስፈልግም።

ዕቃው ከተገዛ በኋላም አያያዝ አለው። ባለብረት ጥርሱን በደረቅ ብሩሽ እንጂ በውኃ አታጽዱ፤ ሊዝግ ይችላል። ኮረሪማና ቅርንፉድም አትፍጩበት፤ ሽታቸው ቶሎ አይለቅም። ቡናውንም ልትጠጡ ስትሉ ብቻ ፍጩ፤ የተፈጨ ቡና መዓዛው ከፍሬው ይልቅ ቶሎ ይጠፋል።

በመጨረሻም ለማሳሰብ የምወደው፣ ቡናችሁን የምታፈሉት በጀበና ብቻ ከሆነ ምንም አትግዙ። ሙቀጫ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም፤ ለጀበና የሚሆነውን ቡና በሚገባ ይወቅጣል። የእጅ መፍጫ የሚያስፈልገው በማጥለያ ለሚጠጣ፣ ብቻውን ለሚያፈላ ወይም እንደ እኛ ሌሊት በውቀጣ ድምፅ የዶርም ጓደኞቹን መቀስቀስ ለማይፈልግ ሰው ነው።