ያገለገለ የመስክ መኪና ከመግዛት አስቀድሞ

ከቡሌ ሆራ (ከቀድሞዋ ሀገረ ማርያም) ወደ ቆላው አጥቢያዎች ለሚደረግ አገልግሎት ያገለገለ ላንድ ክሩዘር ለመግዛት ያሰባችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ አስቀድማችሁ ሊብሬውን ተመልከቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልገጠመ ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ጉምሩክ ሳይፈቅድ ስም አይዛወርም፤ የምእመናን አሥራት በማይዛወር ንብረት ላይ ታስሮ ይቀራል።

ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረው ሞተር በጠዋት ይነሣ፤ ሻጩ አሙቆ ቢጠብቃችሁ በማግሥቱ ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ከሥር ገብቶ ሻንሲው የተበየደበትን፣ ባሌስትራው የተሰነጠቀበትን መፈለግ ቀለም ከማድነቅ ይበልጣል፤ ቀለም በሳምንት ይታደሳል። የፊት ዲፈረንሻሉ መሥራቱ በአስፋልት ላይ አይታወቅምና በአሸዋ ወይም በጭቃ ይሞከር። መካኒኩን ሻጩ አይምረጥ። ቀሪው ክፍያ ስም ከተዛወረ በኋላ ይፈጸም።