ከሱባኤ ወደ ቤት ስለ መመለስ

ጾመ ፍልሰታ ተፈጽሞ፣ ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን በዓለ ዕርገት ከተከበረና በየገዳሙ በየአድባራቱ ሱባኤ ይዞ የሰነበተው ምእመን ጓዙን ጠቅልሎ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ የዚህ ቻናል ተከታታዮች በውስጥ መስመር የሚልኩልኝ መልእክት በየዓመቱ ያንኑ ይመስላል። «እዚያ ሳለሁ ልቡናዬ ረግቶ፣ አንደበቴ ተቆጥቦ፣ ሌሊት እንኳ የሚቀሰቅሰኝ ሳልፈልግ እነሣ ነበር፤ ቤቴ ከገባሁ ሳምንት ሳይሞላኝ ግን ያ ሁሉ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም» ይላሉ። ዘንድሮ ለየብቻ ከመመለስ እዚህ በአንድነት መጻፉን መርጫለሁ።

የሚቀሰቅሰኝ አልፈለግሁም የሚል ሰው ደወሉን ረስቶታል። በጻድቃኔ ማርያም ወይም በደብረ ሊባኖስ ሱባኤ የገባ ሰው ቀስቃሽ ሞልቶታል። ገና በእኩለ ሌሊት ደወል ይደወላል፤ ደወሉን ባይሰማው እንኳ በአንድ ክፍል አብረውት ምንጣፍ ያነጠፉት ሰዎች ነጠላቸውን ሲያጣፉ፣ አንዱም በጨለማ ጫማውን ሲፈልግ የጎረቤቱን የጠበል ጀሪካን በእግሩ ሲመታ፣ ወድዶም ሆነ ሳይወድ ዓይኑን ይገልጣል። ከሰዓታቱ ወደ ኪዳኑ፣ ከኪዳኑ ወደ ውዳሴ ማርያሙ ትርጓሜ፣ ከዚያም ቀትር ላይ ወደሚገባው ቅዳሴ ሲሸጋገር ውሎ፣ ማታ በፌስታል ከቋጠረው የሽምብራ ቆሎ እፍኝ ቆርጥሞ፣ ጠበሉን ጠጥቶ ይተኛል። የሚያስቆጣው ደንበኛ የለም፤ የሚያማርረው የታክሲ ሰልፍ የለም፤ ስልኩን ቢይዝም ቻርጅ የሚያደርግበት ሶኬት ለብዙ ሰው አንድ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ቀናት የታየው ጽሙና ደወሉ፣ ባልንጀሮቹ፣ ቦታውና ረኃቡ ከሰውዬው ፈቃድ ጋር ተባብረው የሠሩት ሥራ ነበር፤ ሰውዬው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ፈቃዱን ብቻ ይዞ መጣ፣ ፈቃዱም ብቻውን የአምስቱን ሥራ እንዲሠራ ታዘዘ።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጠንቅቃ እንደምታውቅ የሚያሳይ አንድ ነገር በጾሙ ውስጥ ራሱ ተቀምጧል፤ ይኸውም ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ነው። እኛ በዓሉን በጅራፉና በሙልሙሉ፣ ልጆችም በየደጁ በሚሉት ሆያ ሆዬ ስለምናውቀው፣ የወንጌሉን ታሪክ እስከ ፍጻሜው የምናደምጥ ጥቂቶች ነን። ጴጥሮስ በተራራው ላይ የጌታውን ብርሃነ መለኮት ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ ሠርቶ እዚያው መሰንበትን ወደደ፤ ይሁን እንጂ ዳሱ ሳይሠራ ወረዱ። ከተራራው ግርጌ የጠበቃቸውም ልጁ በክፉ መንፈስ የሚጣልበት አንድ አባት፣ ያን ልጅ መፈወስ የተሳናቸው ባልንጀሮቻቸው፣ የጸሐፍት ክርክርና የሕዝብ ግርግር ነበር። ሉቃስ እንደሚነግረን ይህ የሆነው በማግስቱ ነው፤ ከብርሃኑ እስከ ጩኸቱ ያለው ርቀት አንድ ሌሊት ብቻ ነው ማለት ነው። ከሱባኤ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ልጁ ላይ ጮኾ «ልፋቴ ከንቱ ቀረ» እያለ የሚጽፍልኝ ሰው፣ ሐዋርያት እንኳ ከዚያ የተሻለ አቀባበል እንዳልጠበቃቸው ቢያስብ ኀዘኑ ጥቂት ይቀልለት ነበር።

ከተመላሾቹ መካከል ግን ዳሱን በግድ ሳሎናቸው ውስጥ ለመትከል የሚታገሉ አሉ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት በአንድ ቀን ደንግገው፣ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ያልገቡበትን ሱባኤ ሊያስፈጽሟቸው ይነሣሉ፤ ቤተ ሰቡም ጥቂት ቀን በፍርሃት ከታዘዘ በኋላ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ባለ ሱባኤው ማጉረምረሙን የጠላት ፈተና ነው ይላል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተዋል። (ፈተና ሁሉ ከሰይጣን አይደለም፤ አንዳንዱ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ከተቀሰቀሰ ሕፃን ነው።) ከገዳሙ ደጅ የተነሡትን ፎቶግራፍ እየደጋገሙ በመለጠፍ ሱባኤውን የሚያራዝሙም አሉ፤ ስለ እነርሱ ብዙ አልጽፍም።

ይልቅስ በሰፈራችን ሱቅ ያላቸውን አንዲት እናት ላውሳ። እኒህ ሴት ከሱባኤ ሲመለሱ ያጸኑት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ማታ የሱቁን በር ከማውረዳቸው በፊት ከባንኮኒው ኋላ ቆመው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያደርሳሉ። ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየዕለቱ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ የአንድ ቀኑ ድርሻ ደክሞት የዋለ ሰው የሚፈራው አይደለም። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው ቢኖር እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ እንደ እኔ ትዕግሥት የጎደለውም ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አኑሮ ዳቦውን ራሱ አንሥቶ ይሄዳል። አንድ ማታ በደንበኛ ብዛት ዘንግተው በሩን ሊያወርዱ ሲሉ የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ዛሬ ጸሎትዎን አልደገሙም እኮ» ሲላቸው ሰማሁ፤ እርሳቸውም «ውይ ልጄን፣ ተባረክ» ብለው ያጋመሱትን በር መልሰው ወደ ላይ ገፉት። ሴትዮዋ የሰፈራቸውን ደወል አግኝተዋል።

የዘመኑ ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ሄደው ከዚሁ ባንኮኒ አጠገብ ደርሰዋል። በለንደን የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንዲት ትንሽ ተግባር፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን ወይም ከራት በፊት መሮጥን መርጠው፣ በየቀኑ ከሚያጋጥማቸው ከአንድ የታወቀ ጊዜ ጋር አያይዘው ለ84 ቀናት እንዲሞክሩ አድርገው ነበር። ተግባሩ ሳይታሰብ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ በስሌታቸው ከ18 ቀን ተነሥቶ እስከ 254 ቀን ሲዘልቅ መካከለኛው 66 ቀን ነው። በመካከሉ አንድ ቀን መታለፉ ግን ይህን ያህል ጉዳት አላደረሰም። እነዚህን 66 ቀናት ከነሐሴ 16ቱ በዓል ማግስት ጀምረን በእኛ አቈጣጠር ብናሰላቸው፣ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት፣ ጥቅምት 17 ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ በፊትም የዘመን መለወጫው ዶሮ፣ የተማሪ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የመስቀል ድግስ ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላኝ ጠፋብኝ የሚለው ሰው የጠፋበት የቦታው ሙቀት ነው፤ ልማዱ ገና አልተወለደም ነበር።

በዚህም መንገድ ላይ ብቻውን የሚተው የለም። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይመለሳሉ፤ መስከረም 26 ቀን ወርኃ ጽጌ ገብቶ እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፤ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይያዛል። ጽዋ ማኅበር ያለው ሰው በወር አንድ ቀን ቢቀር «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አያጣም፤ የሌለው ደግሞ ቢገባ፣ ከድግሱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ።

ከሱባኤ መልስ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ንስሐ አባት ቢሆን ደግሞ ብዙ ድካም ይቀንሳል። በገዳም መጽሐፈ መነኮሳት ሲነበብ ሰምቶ ልቡ የተነካ ባለ ትዳር፣ ማር ይስሐቅም ፊልክስዩስም አረጋዊ መንፈሳዊም ለመነኮሳት የተጻፉ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው አባቱ ሲነግሩት ነው። ስግደቱን፣ ጸሎቱን፣ ምጽዋቱን፣ ከስልክ መራቁን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ይቅረብና ከመካከሉ አንዱን ይምረጡለት፤ እኔ የማውቃቸው አባቶች ከእንዲህ ያለው ዝርዝር ላይ ይሠርዛሉ እንጂ ሲጨምሩ አላየሁም።