«ሲሮጡ የታጠቁት»፦ የኤምስ መደብሮች አነሳስና አወዳደቅ

በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው የልጆቹን ጫማ፣ የክረምት ብርድ ልብስ፣ ድስትና ሳህን፣ መጋረጃና ደብተር ከአንድ ጣሪያ ሥር በአነስተኛ ዋጋ ቢያገኝ ጊዜውንም ገንዘቡንም ይቆጥባል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሚገኙ ትናንሽ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ የእርሻ መንደሮች ይህን አገልግሎት ከአርባ ዓመታት በላይ ሲሰጥ የቆየው «ኤምስ» የተባለው የመደብር ድርጅት ነበር። ኤምስ አንድም ደንበኛ ሳያጣ በሰላም የኖረ ድርጅት አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱም ውድቀቶች የተከተሉት ድርጅቱ በደከመበት ሳይሆን ተስፋፋሁ ባለበት ወቅት ነው። (በዚህ ጽሑፍ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተዘጋ ፋብሪካ የተነሳ ስም

ጊልማን የተባሉ ወንድማማቾች በ1958 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሳውዝብሪጅ በተባለች ከተማ የመጀመሪያውን መደብር ከፈቱ። ቦታው ቀደም ሲል ኤምስ የተባለ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረበት ሕንጻ ነው። ወንድማማቾቹም የፋብሪካውን ስም ለመደብራቸው ወሰዱት።

ዘመኑ የቅናሽ መደብሮች የተስፋፉበት ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ዋልማርት፣ ኬማርትና ታርጌት የመጀመሪያ መደብሮቻቸውን የከፈቱት በ1962 ነው። ኤምስ ከሦስቱም በአራት ዓመት ይቀድማል። የኤምስ ጥበብ ቦታ መምረጡ ላይ ነበር፤ ትልልቅ ነጋዴዎች «ገበያ አይወጣቸውም» ብለው የናቋቸውን ትናንሽ ከተሞች መርጦ ገባ። በእነዚህ ከተሞች ኪራይ ርካሽ ነው፤ ተፎካካሪም ጥቂት ነው።

ትንሽ ትርፍ፣ ፈጣን ሽያጭ

የቅናሽ መደብር ሥራ በአንድ ቀላል ስሌት ይመራል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ በ400 ብር የገዛውን ሸሚዝ በ500 ብር ቢሸጥና በሳምንት 10 ሸሚዝ ቢወጣለት፣ ከወጪ በፊት 1,000 ብር ያተርፋል። ሌላው ነጋዴ ያንኑ ሸሚዝ በ440 ብር ቢሸጥና በሳምንት 40 ቢወጣለት ትርፉ 1,600 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ነጋዴ በእያንዳንዱ ሸሚዝ ያነሰ ቢያተርፍም በድምሩ ይበልጣል።

ይህ ስሌት ግን ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው፣ ዕቃው ሳይቆም መሸጥ አለበት፤ ሽያጩ ከ40 ወደ 20 ቢወርድ ትርፉ 800 ብር ብቻ ይሆናል፤ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ግን አይቀንሱም። ሁለተኛው፣ አቅራቢዎች ዕቃውን በዱቤ መስጠት አለባቸው። መደብሩ ዕቃውን ዛሬ ተረክቦ ሸጦ ከሳምንታት በኋላ ይከፍላል። ስለዚህ የቅናሽ መደብር ዋና ሀብት መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የአቅራቢዎቹ እምነትም ጭምር ነው።

ታላቁ ግዢ

ኤምስ ለረጅም ጊዜ ቀስ በቀስ አደገ። በ1980ዎቹ ግን ሌሎች ድርጅቶችን እየገዛ ማደግን መረጠ። በ1985 ጂ ሲ መርፊ የተባለውን የመደብር ድርጅት ገዛ። በ1988 ደግሞ የዜይርን የቅናሽ መደብሮች በ800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። መደብሮቹ ወደ 400 የሚጠጉ ነበሩ፤ ኤምስ በአንድ ግዢ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

ችግሩም ወዲያው ታየ። ኤምስ የሚያውቀው ትንሽ ከተማን ነው፤ ብዙዎቹ የዜይር መደብሮች ግን በትልልቅ ከተሞች ውስጥ የሚገኙ፣ ጥገና የሚሹ ነበሩ። የዜይር ደንበኞች በየሳምንቱ በሚታተም የቅናሽ ማስታወቂያ እየተሳቡ መግዛት የለመዱ ናቸው። ኤምስ ማስታወቂያውን ቀንሶ «ዋጋችን ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው» ወደሚለው የራሱ አሠራር ሊያመጣቸው ሞከረ። ደንበኛው ግን የለመደውን ሲያጣ ሌላ ሱቅ ፈለገ። ሽያጩ ሲወርድ ለግዢው የተገባው ዕዳ ባለበት ቀረ።

ወሬው አቅራቢዎች ዘንድ ሲደርስ ሁኔታው ባሰ። ገንዘቡ እንዳይቀርበት የሰጋ አቅራቢ ዕቃ መላክ ያቆማል፤ ዕቃ የሌለው መደርደሪያ ደንበኛ ያባርራል፤ ደንበኛ ያጣ መደብር ደግሞ ዕዳውን መክፈል አይችልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ኤምስ ከግዢው ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1990 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በአሜሪካ ሕግ የኪሳራ ጥበቃ የግድ መዘጋት ማለት አይደለም። ድርጅቱ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ሆኖ ሥራውን እየቀጠለ ከአበዳሪዎቹ ጋር አዲስ የአከፋፈል ስምምነት የሚያደርግበት ጊዜ ያገኛል። ኤምስም ከግማሽ በላይ የሆኑ መደብሮቹን ዘግቶ፣ በ1992 መጨረሻ ከ300 በላይ መደብሮችን ይዞ ወጣ።

ሁለተኛው ዕድል

ቀጣዮቹ ዓመታት ድርጅቱ ወደ ራሱ የተመለሰባቸው ነበሩ። ከ1994 ጀምሮ በጆሴፍ ኢቶሪ እየተመራ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦችና በአረጋውያን ላይ አተኮረ። ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ደንበኞች በሳምንት አንድ ቀን የ10 በመቶ ቅናሽ ያደርግ ነበር። በጡረታ ገንዘብ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ዋልማርት ከደቡብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየገባ ነበር። ዋልማርት በቬርሞንት ግዛት የመጀመሪያ መደብሩን የከፈተው በ1995 ነው። ኤምስ ብቻውን የነገሠባቸው ከተሞች ባለተፎካካሪ ሆኑ።

በ1998 ማብቂያ ላይ ኤምስ የቀድሞ መንገዱን ደገመ፤ 155 ያህል መደብሮች የነበሩትን ሂልስ የተባለውን ድርጅት ለመግዛት ተስማማ። የመደብሮቹ ቁጥር ከ450 በላይ ሆነ። ነገር ግን የተገዙትን መደብሮች ለማደስና ለማዋሃድ ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ ዕዳው ጨመረ፤ ወዲያውም የአገሪቱ ኢኮኖሚ ተቀዛቀዘ። በነሐሴ 2001 ኤምስ ለሁለተኛ ጊዜ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚህኛው ግን አልዳነም። ልክ ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2002፣ የቀሩትን 327 መደብሮች በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ።

መጠን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ በዚያው ዓመት ሌላም ማሳያ ነበር። ከ2,000 በላይ መደብሮች የነበሩት ኬማርት በጥር 2002 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ዜይርን የሸጠው ወገን ዕጣ ደግሞ የተለየ ሆነ። ሻጩ ቲ ጄ ማክስ የተባሉትን የልብስ መደብሮቹን ለራሱ አስቀርቶ፣ ዛሬ በዓለም ካሉ ትልልቅ የልብስ ቸርቻሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1988ቱ ስምምነት ገዢው ሸክም ሲወስድ ሻጩ ሸክም አራግፏል ማለት ይቻላል።

ከተዘጋው በር በስተጀርባ

በትልቅ ከተማ አንድ መደብር ሲዘጋ ሌላው ይተካዋል። በትንሽ ከተማ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። ሠራተኛው ሥራውን፣ አስተዳደሩ የግብር ገቢውን፣ መኪና የማይነዳው አረጋዊ ደግሞ በቅርቡ የሚያገኘውን ሱቅ ያጣል። ቀድሞ የነበሩት አነስተኛ ሱቆች በትልቁ ተሸንፈው ከተዘጉ ቆይተው ከሆነ፣ ትልቁ ሲሄድ የሚመለስ አይኖርም።

ጉዳዩ ለእኛም የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ ተከልሎ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍታለች። ትልልቅ መደብሮች ሲመጡ ሸማቹ በዋጋ፣ አምራቹም በሰፊ ገበያ ሊጠቀም ይችላል። ሆኖም ለመደብር በዱቤ የሚያቀርብ አርሶ አደር ወይም ማኅበር የመደብሩን የሕንጻ ግዝፈትና የቅርንጫፍ ብዛት ሳይሆን፣ ቀደም ሲል ለተረከበው ዕቃ በቀጠሮው ቀን መክፈሉን ቢመለከት ይበጀዋል። ምርቱን ሁሉ ለአንድ ገዢ ከማስረከብ ይልቅ ለሁለትና ለሦስት ቢያከፋፍል፣ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይጠብቀዋል። የኤምስ አቅራቢዎች ይህን የተማሩት ገንዘባቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ከታሰረ በኋላ ነው።