«ድምፃችን ይሰማ»፦ ሁለቱ ትረካዎችና አንዱ አዋጅ



የ2004ቱ የሙስሊሞች ተቃውሞ ሲጀመር አብዛኞቻችን ገና አሊፍ ባና ሀሁ የምንቆጥር ልጆች ነበርን። ያን ዘመን የምናውቀው በስልካችን ከሚደርሱን ቁርጥራጭ ቪዲዮዎችና ከታላላቆቻችን ወሬ ነው። አንዱ «የአክራሪዎች ሴራ ነበር» ይለናል፤ ሌላው «የመብት ጥያቄ ነበር» ይለናል። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩና በመካከላቸው አንድ አዋጅ ምን እንደሠራ በአጭሩ እንመልከት።

መነሻው

በ2003 ክረምት መንግሥትና የያኔው መጅሊስ የአሕባሽን አስተምህሮ የያዘ ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። በ2004 ታኅሣሥ በአዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት የዓረብኛ መምህራን ሲሰናበቱ ተማሪዎች ተቃወሙ። በጥር ወር 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፤ መጅሊሱን ሕዝቡ በነፃ ይምረጥ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ እጅን አጣምሮ ማንሳት፣ ነጭ ጨርቅና ቢጫ ካርድ ማሳየት የተቃውሞው መለያ ሆነ።

ሁለቱ ትረካዎች

መንግሥት፣ ጥቂት አክራሪዎች ሃይማኖታዊ መንግሥት ለማቆም ሕዝቡን እየገፋፉ ነው፣ እኔ በሃይማኖት ጣልቃ አልገባሁም አለ። የጎረቤት ሶማሊያ አልሸባብ ለዚህ ስጋት ማሳያ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11፣ 27 እና 30 ጠቀሱ፤ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ እምነት ነፃ ይሁን፣ ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብ ይፈቀድ የሚሉትን። በመስከረም 2005 የመጅሊስ ምርጫ ሲካሄድም መንግሥት «ጥያቄው ተመለሰ» አለ፤ ተቃዋሚዎች «መሪዎቻችን ታስረው፣ ምርጫውም በመስጂድ ሳይሆን በቀበሌ ተደርጎ እንዴት ይመለሳል?» አሉ።

ልዩነቱ ወደ ራሳችን ዞን፣ ወደ ደቡብ ወሎም ደርሷል። ከመካነ ሰላም ደሴን አልፈን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ገርባን እናገኛለን። በጥቅምት 2005 በገርባ በተነሳ ግጭት ቢያንስ ሦስት ነዋሪዎችና አንድ ፖሊስ ሞቱ። መንግሥት «እስረኛ ለማስፈታት ፖሊስ ጣቢያ ወረሩ» ሲል፣ ከሌላው ወገን የተሰማው «የተያዘው ይፈታልን ብለን ብንሰበሰብ ተተኮሰብን» የሚል ነበር። የሞቱት ግን በሁለቱም ትረካ ሞተዋል።

አዋጁ

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የሽብር ትርጉሙ ሰፊ ነበር። ፖለቲካዊ ወይም ሃይማኖታዊ ዓላማን ለማራመድ በመንግሥት ላይ ተፅዕኖ ለማሳደር ታስቦ የሕዝብ አገልግሎትን በእጅጉ ማሰናከል እንኳ ከ15 ዓመት ጀምሮ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችል ነበር። ሽብርን «ያበረታታል» ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ንግግር ወይም ጽሑፍ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያሳስር ነበር። ፖሊስ ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠርት እስከ አራት ወር ማቆየት ይችል ነበር፤ ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርትም ማስረጃ ይሆን ነበር።

በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በጥቅምት 2005 በዚሁ አዋጅ 29 ሰዎች ተከሰሱ። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ፣ በጥር 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንፁህ ይቆጠራል ይላል፤ ፊልሙ ግን ከዳኛው ቀድሞ ፈረደ። በሐምሌ 2007 በ18ቱ ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተወሰነ። የተወሰኑት በይቅርታ፣ የቀሩት እስከ የካቲት 2010 ባለው ጊዜ ተፈቱ።

አዋጁም በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። አዲሱ አዋጅ በአንቀጽ 4፣ የሥራ ማቆም፣ ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ የሕዝብ አገልግሎት ቢያሰናክሉም በሕግ የታወቀ መብት እስከሆኑ ድረስ ሽብር እንደማይባሉ ይደነግጋል። በዚያው ዓመት መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በ2004 «ሴራ» የተባለው ጥያቄ ከፊሉ በሕግ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ለእኛስ?

ሰርቬይንግ የተማርን እንደምናውቀው፣ ልኬት ተነስቶ ወደ መነሻው ነጥብ ካልተመለሰ ስህተቱ አይታወቅም። ወሬም እንዲሁ ነው። የት፣ መቼ፣ ማን አየ? ክሱ የትኛው አንቀጽ ነው? አንቀጹስ ምን ይላል? የወሎ አባጋሮችም ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አያስታርቁም። በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ማጣራት ለሚጠሉን ወሬ ብቻ አይደለም፤ ደስ ለሚለን ወሬም ነው። ስለ ወገናችን የተጋነነ ቪዲዮ ስናሰራጭ፣ እውነተኛውን በደል የሚያስተባብል ሰበብ በእጃችን እንሰጣለን።

በግቢያችን ስለ ሶላት ቦታም ሆነ ስለ ሒጃብ ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ ደንቡን እናንብብ፤ ጥያቄያችንን ቀንና ፊርማ አስፍረን በጽሑፍ እናቅርብ፤ የተሰጠንን መልስ እናስቀምጥ። ያን ጊዜ ሌላው ሰው ስለ እኛ የሚተርከውን የምናስተካክልበት ወረቀት በእጃችን ይኖራል።

አላህ ሐቅን ሐቅነቱን አሳይቶ እንድንከተለው፣ ባጢልን ባጢልነቱን አሳይቶ እንድንርቀው ያድርገን። አሚን።