ፓወር ቢአይ ጾም አያውቅም

ወተት፣ አይብና ቅቤ ለሱቆች የምታከፋፍል አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። የየዕለት ሽያጯን ኤክሴል ላይ ትመዘግባለች። የሁለት ዓመቱን መዝገብ ወደ ፓወር ቢአይ አስገብታ ሚያዝያን ከሚያዝያ ስታስተያይ፣ የ2017ቱ ባር የ2016ቱን ጥሎት ሄዷል። ንግዱ አድጓል ማለት ነው? ሁለተኛ መኪና ትግዛ? ሠራተኛ ትጨምር?

መልሱ ያለው ፋሲካው ላይ ነው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12። በመጀመሪያው ዓመት ከሚያዝያ 26ቱ ቀን ጾም ነበር፣ ፍስኩ 4 ቀን ብቻ። በሁለተኛው ጾሙ 11 ቀን ሲሆን የቀረው 19 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ ነው። ደንበኞቿ በብዛት ጾም የሚይዙ ከሆኑ፣ አንድ አዲስ ደንበኛ ሳታገኝ ባሯ ይረዝማል።

ዳታን በሥዕል የሚያሳይ ሶፍትዌር መማር የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ይህን ምሳሌ አስቀድማለሁ። ቻርት መሥራት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። ከቻርቱ ሥር ያለው ዳታ ገበያውን እንዲመስል ማድረግ ግን ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ነው።

ፓወር ቢአይ የማይክሮሶፍት ምርት ነው፤ በይፋ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዴስክቶፕ የሚባለውን ማንም በነጻ አውርዶ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊጭነው ይችላል። ዋናው ተፎካካሪው ታብሎ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተካሄደ ምርምር ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሴልስፎርስ በ15.7 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ኤክሴል ለለመደ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ፓወር ቢአይ ይቀርበዋል፤ ዳታ የሚያጸዳበት ፓወር ኩዌሪ ኤክሴል ውስጥም አለና።

ፕሮግራሙን እንደ ቤት ባስበው ሦስት ክፍል አለው። ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሳሎኑ ነው፤ ባሩ፣ መስመሩ፣ ካርታው ወደሚሰቀልበት ገጽ። ሥራው የሚጀመረው ግን ከጓዳ ነው፤ ጓዳው ፓወር ኩዌሪ ነው። ከሦስት ጸሐፊዎች የመጣ መዝገብ እዚያ ሲከፈት ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ ይላል። እኛ አንድ ከተማ እናነባለን፤ ፕሮግራሙ ፊደል በፊደል ስለሚያመሳክር ሦስት ከተማ ያያል፣ ሦስት አጫጭር ባርም ያቆማል። የሐዋሳ ሽያጭ ደካማ መስሎ ቅርንጫፉ ሊዘጋ የሚችለው በአንድ ሐመሩ ሐ የተነሣ ነው። ሦስቱን ወደ አንድ ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፓወር ኩዌሪ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚመዘግብ፣ በሚቀጥለው ወር አዲስ ፋይል መጥቶ ሪፍሬሽ ሲባል ያንኑ ራሱ ይደግመዋል። በየወሩ መጨረሻ ሲያመሽ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሠንጠረዦች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ሞዴል ነው። ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ እዚህ አለ፤ የቀን ሠንጠረዥ። ፓወር ቢአይ ቀንን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የነጋዴዋን ሽያጭ በራሱ ወር ከከፈለው ሴፕቴምበር የሚል አንድ ባር ይሰጣታል፤ በዚያ ባር ውስጥ ለእንቁጣጣሽ ሰው ቅቤ የሚሻማባቸው ቀናትና በዓሉ አልፎ ገበያው የቀዘቀዘባቸው ቀናት አብረው ተደባልቀዋል። ስለዚህ የራሷን ሠንጠረዥ ትሠራለች። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቀን ይቀመጣል፦ የፈረንጁ ቀን፣ ከጎኑ የእኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፣ የበጀት ዓመት። የወሩን ተራ ቁጥር የያዘ ዓምድም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወሮቹ በፊደል ተራ ይደረደሩና ሰኔ ከታኅሣሥ ይቀድማል።

የበጀት ዓመቱ ነገር ደስ ይላል። መስከረም 1 አንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዴ 12 ይውላል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ግን በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፤ የፈረንጆቹ የፌብሩዋሪ ጭማሪ ቀን የእኛን የጳጉሜን ጭማሪ እስከዚያ ድረስ አቻችሎታል። ስለዚህ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያለውን ሽያጭ ለሚደምረው ቀመር ዓመቱ ጁላይ 7 እንደሚያልቅ አንድ ጊዜ መንገር ይበቃል። ጳጉሜን ግን መላ ትሻለች። 5 ወይም 6 ቀን ያላት ወር ከባለ 30 ቀኖቹ ወሮች ጎን ስትቆም ገበያው የሞተ ያስመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ማዋሃድ ወይም የቀን አማካይ ማሳየት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓምድ ይጨመራል፦ ጾም ወይስ ፍስክ። የፍልሰታ ጾም በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር የታወቀ ቀን ስላለው አንዴ ተሞልቶ ያበቃል። ዐቢይ ጾምና የሐዋርያት ጾም ከፋሲካው ጋር ስለሚዞሩ በየዓመቱ ባሕረ ሐሳቡን ማየት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሳሎን መግባት ይቻላል። ሳሎኑ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የባርና የመስመር ቻርትን ለንግድ ቁጥር የተጠቀመው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1786፤ ክቡን ፓይ ቻርት ደግሞ በ1801 አመጣው። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሙከራ ዓይናችን ከአንድ መነሻ የቆመን ርዝመት ከማዕዘን በተሻለ እንደሚመዝን አሳይተዋል። ስለዚህ ውሳኔ የሚሰጥበት ገጽ ላይ ፓይ ባይኖር እመርጣለሁ፤ የባሩም መነሻ ከዜሮ ይሁን።

ነጋዴያችን የጾም ዓምዷን ጎትታ ቻርቱ ላይ ስትጥል እያንዳንዱ ባር በሁለት ቀለም ይከፈላል። የፍስኩን ሽያጭ ለፍስኩ ቀን ብዛት ስታካፍል ደግሞ የሚያዝያ 2016ና የሚያዝያ 2017 ባሮች በትክክል ይተያያሉ። እድገት ካለ አሁን ይታያል፤ ከሌለም መኪናው ይቆያል። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ ጾሙ 3 ቀን ብቻ ስለሆነ ባሩ እንደገና ይረዝማል። በ2019 ወደ ሚያዝያ 24 ይሄዳል። ወተት አቅራቢዋ በ2018ቱ ሽያጭ ልክ ለቀጣዩ ሚያዝያ እንዋዋል ሲላት፣ 23ቱን የጾም ቀናት በሠንጠረዥዋ ላይ ልታሳየው ትችላለች።