ነፋስ ሲበረታ ሸራ ያንሳል

ዊንድሰርፊንግ ሸራ በተተከለበት ተንሳፋፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ኃይል በውኃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት ነው። የማዕበል ውድድር የሚባለው ዘርፉ ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ ስልትን የሚለካ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው ወደ ባሕሩ ሲወጣ ማዕበሉን መንደርደሪያ አድርጎ የሚዘለውን ዝላይ፣ ወደ ዳርቻው ሲመለስም በማዕበሉ ገጽ ላይ የሚያሳየውን መታጠፍና መገልበጥ ዳኞች በነጥብ ይመዝኑታል። ብርቱ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ይህን ውድድር የሚመለከት ሰው ድሉ የጉልበተኛ ሊመስለው ይችላል፤ የመሣሪያው ባሕርይና የውድድሩ ደንብ ሲመረመሩ ግን አሸናፊውን የሚለየው ከክንድ ብርታት ይበልጥ የመምረጥ ችሎታ መሆኑ ይታያል።

የዛሬው ዊንድሰርፊንግ መሠረት የተጣለው በአሜሪካ ሲሆን፣ ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይዘር የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች፣ ምሰሶው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲዘነብል የሚያደርግ መጋጠሚያ ላለው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1968 የፈጠራ መብት ጥያቄ አቀረቡ። በማዕበል ላይ መዝለል የተስፋፋው ግን በ1970ዎቹ መገባደጃ ሃዋይ ውስጥ እግርን ከሰሌዳው ጋር የሚያቆራኝ ማሰሪያ ከተጨመረ በኋላ ነው፤ ያለዚህ ማሰሪያ አየር ላይ የወጣ ሰው ከሰሌዳው ይለያይ ነበርና።

ለብርቱ ነፋስ ውድድር በዓለም ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ ከስፔን የካናሪ ደሴቶች በአንዷ፣ በግራን ካናሪያ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የሚገኘው ፖዞ ኢዝኪየርዶ ነው። በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ በጂኦግራፊ የንግድ ነፋስ የሚባለው የአየር ፍሰት 1,950 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የደሴቲቱ ተራራማ እምብርት ጋር ሲጋጠም፣ በጠባብ ቦይ እንደሚያልፍ ውኃ በደሴቲቱ ጎን ላይ ፍጥነት ይጨምራል። በዚህም ምክንያት በሐምሌ ወር ከ30 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ በስፍራው እንግዳ አይደለም። ነፋሱ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ስለሚነፍስም ተወዳዳሪው ወደ ባሕሩ ለመውጣትም ሆነ ለመመለስ ያው አንዱ ነፋስ ያገለግለዋል።

ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ በመሆኑ፣ ከ20 ወደ 40 ኖት ያደገ ነፋስ የሚገፋው በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ነፋሱ በበረታ ቁጥር ሸራው እያነሰ ይሄዳል፤ በፖዞ 4 ካሬ ሜትር የማይሞላ ሸራ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። ሰሌዳውም እንዲሁ ትንሽ ሲሆን፣ ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ይዘት አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሸከም፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከነሸራው 75 ሊትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም ይሰምጣል። ሰውየውን ከውኃው በላይ የሚያቆየው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሲወድቅም ሸራውን ወደ ነፋሱ አቅንቶ፣ ነፋሱ ራሱ ከውኃው ጎትቶ እንዲያቆመው ማድረግ ይኖርበታል። ጉዞውንም በክንዱ ብቻ አይወጣውም፤ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ባለ መንጠቆ ቀበቶ ከሸራው መያዣ ገመድ ጋር አያይዞ የነፋሱን ስበት በሰውነቱ ክብደት ይመክታል።

ውድድሩ በአብዛኛው በጥሎ ማለፍ የሚካሄድ ሲሆን፣ ሁለት ወይም አራት ተወዳዳሪዎች በሚለብሱት ባለ ቀለም ሰደርያ እየተለዩ ሂት በሚባል፣ 10 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ ግጥሚያ ይገናኛሉ። በዚህ አጭር ጊዜ የሚሞከረው ሁሉ አይደመርም፤ አዘጋጆቹ እንደ ቀኑ ነፋስና ማዕበል፣ ለምሳሌ ሁለት ምርጥ ዝላዮችና ሁለት ምርጥ የማዕበል ጉዞዎች እንዲቆጠሩ ይወስናሉ፤ የሚቆጠሩት ዝላዮችም የተለያየ ዓይነት መሆን አለባቸው። ፎርዋርድ ሉፕ የሚባለው ከነሸራው አየር ላይ ወደ ፊት መገልበጥ ሲሆን፣ ባክ ሉፕ ደግሞ ወደ ነፋሱ ዞሮ ወደ ኋላ መሽከርከር ነው። ስለዚህ አንዱን ስልት አሥር ጊዜ የደጋገመ ተወዳዳሪ፣ ሁለት የተለያዩ ስልቶችን አሳክቶ በሰሌዳው ላይ ባረፈ ባላጋራው ሊረታ ይችላል።

የመምረጥ ችሎታ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያለ ዝላይ ቀጥ ብሎ የቆመና ገና ያልተሰበረ ማዕበል ይሻል፤ እንዲህ ያለው ማዕበል ደግሞ በግጥሚያው ጊዜ ጥቂት ብቻ ሊመጣ ስለሚችል፣ ባገኘው ሁሉ የሚዘልል ሰው ጥሩው ሲመጣ ወድቆ ሸራውን ከውኃ ለማንሳት ሲታገል ይገኛል። በአንጻሩ አብዝቶ የሚጠብቅ ሰው ደቂቃው ያልቅበታል። ወደ ዳርቻው ሲመለስም ማዕበሉን ቀድሞ ለያዘው ቅድሚያ ስለሚሰጥ፣ ከባላጋራው በፊት ተገቢው ቦታ ላይ መገኘት የግድ ይሆናል።

የአካባቢው ልጆች በፖዞ ብልጫ የሚያሳዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ባሕር ላይ ስፖርቱን ያጎለበቱት መንትያ እኅትማማቾች ዳይዳና ኢባላ ሞሬኖ በተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በደሴቲቱ ተወልዶ ያደገው ፊሊፕ ኮስተርም እ.ኤ.አ. በ2011፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ የማዕበል ውድድር የዓለም ሻምፒዮንነትን ተቀዳጅቷል። ማዕበሉ በየትኛው ዐለት አጠገብ እንደሚቆም፣ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ ለዓመታት ያየ ሰው፣ እንግዳው ገና የሚፈልገውን ቦታ አስቀድሞ ይዞ ይጠብቃል። በየአገሩ ክለቦች በሚያዘጋጁት አነስተኛ ውድድርም ፍርዱ የተለየ አይደለም፤ ውጤቱን አስቀድሞ ለመገመት የሚሻ ተመልካች ከዝላዩ ቁመት ይልቅ፣ ተወዳዳሪው የትኞቹን ማዕበሎች ሳይነካ እንዳሳለፈ ቢያስተውል የተሻለ ፍንጭ ያገኛል።