የሬዲዮ ስካነር ሕጋዊነት፦ በመያዝ፣ በማድመጥና በመግለጥ መካከል ያለው ድንበር

የሬዲዮ ስካነር ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን በፍጥነት እየፈተሸ ንግግር ሲያገኝ በዚያው ላይ የሚቆም የመቀበያ መሣሪያ ነው። በመሆኑም የፖሊስን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንና የአብራሪዎችን ያልተመሰጠረ ግንኙነት ማንኛውም ሰው እንዲሰማ ያስችላል። ሕጋዊነቱ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ሕግ የሚመዝነው መሣሪያውን መያዝን፣ በእርሱ ማድመጥንና የተሰማውን ለሌላ መግለጥን ለየብቻ ነውና። ብሪታንያና አሜሪካ ክልከላውን በተለያየ ቦታ ማኖራቸው ይህን ያሳያል።

በብሪታንያ ስካነር መግዛትና መያዝ አልተከለከለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሕግ በአንቀጽ 48፣ ለአድማጩ ያልታሰበ መልእክት ይዘቱን፣ ላኪውን ወይም ተቀባዩን ለማወቅ በማሰብ ያለ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀምን ወንጀል ያደርጋል። በዚህም መሠረት ለሕዝብ የሚተላለፍ ስርጭትን ማድመጥ ሲፈቀድ የፖሊስን ግንኙነት ማድመጥ ያስቀጣል።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በአንጻሩ ለአድማጩ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ትኩረቱ የሰሙትን መግለጥና ለግል ጥቅም ማዋል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ግላዊነት ሕግ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን የፖሊስና የእሳት አደጋ ግንኙነት ማድመጥን ፈቅዶ የሞባይል ስልክ ንግግርን መጥለፍ ከልክሏል። ከ1994 ጀምሮም የሞባይል ስልክ ፍሪኩዌንሲን የሚቀበሉ ስካነሮችን ማምረትና ማስገባት ታግዷል። ሆኖም ክፍላተ ግዛት የራሳቸውን ገደብ ያክላሉ፤ በኒው ዮርክ ለምሳሌ፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካላቸው በቀር፣ የፖሊስ ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል መሣሪያ ያለ ፈቃድ በተሽከርካሪ ላይ መግጠም ጥፋት ነው። ቤት ውስጥ የተፈቀደው መንገድ ላይ ሊያስከስስ ይችላል ማለት ነው።

በመጥለፍና በመግለጥ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 በባርትኒኪ እና ቮፐር መዝገብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ፣ በጠለፋው ያልተሳተፈ የሬዲዮ አቅራቢ ሕዝብን የሚመለከት የተጠለፈ የስልክ ንግግር በማሰራጨቱ ሊጠየቅ እንደማይገባ ወሰነ።

ዛሬ ግን ድንበሩን የሚያሰምረው ሕግ ብቻ አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2023 የሬዲዮ ግንኙነቱን መመስጠር ጀምሯል። ምስጠራው የተጎጂዎችንና የተጠርጣሪዎችን ግላዊነት ይጠብቃል፤ በአንጻሩ ጋዜጠኞችና ነዋሪዎች የፖሊስን ሥራ በወቅቱ የሚከታተሉበትን መንገድ ይዘጋል። ሕግ አውጪው ለሕዝብ የተወውን የማድመጥ ነጻነት የመሣሪያ ምርጫ ያለ ክርክር ሊያስቀረው መቻሉ የዘርፉ አጥኚዎች ሊመረምሩት የሚገባ ጉዳይ ነው።